ቅቤ ያልነበረበት ዓሣ

ጋሽ ደምሴ መሞታቸውን የሰማሁት አዲሱ ገበያ፣ ሱሪ ላሳጥር ከገባሁበት ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ሰውዬው መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ፣ «የፈረንጅ ወጥ ቤት የነበረው ደምሴ ሞተ አሉ፤ ነገ ቁስቋም ይቀበራል» አለኝ።

«የትኛው ደምሴ?» አልሁት። እያወቅሁ።

«ያ ማኅበርተኛውን በጾም ቅቤ ያበላው ነዋ!»

ልኬን ወስዶ ሳይጨርስ ሱሪዬን ትቼለት ወጣሁ።

ነገሩ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፏል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ኖሮ በሰፈሩ የቀረለት መጠሪያ ይህ ሆነ። መጠሪያውን ያወጣሁላቸው ደግሞ እኔ ነኝ። በጋዜጣ ላይ ስለ ብዙ ነገር ጽፌአለሁ፤ አንዱንም ጽሑፌን ከሳምንት በላይ ያስታወሰ አንባቢ አላጋጠመኝም። አንድ ረቡዕ ቀን እንጀራ እየቆረስሁ የወረወርኋት ዐረፍተ ነገር ግን ሃያ ዓመት ኖራ፣ ከልብስ ሰፊ አፍ ውስጥ ከመርፌ ጋር አገኘኋት።

ስለ ሞተ ሰው የሚጻፍ ነገር አልወድም። በእኛ አገር ሟች ሁሉ ደግ፣ ለጋስ፣ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ጸሐፊውም የደጉ ሰው ወዳጅ ስለ ነበረ ከደግነቱ ጥቂት ቆርሶ ለራሱ ይወስዳል። እኔ ከዚህ የምቆርሰው የለኝም። ደግሞም ጋሽ ደምሴ እንደዚያ ዓይነት ሟች አልነበሩም። ነጭናጫ ነበሩ። የሰው ወጥ ማማት ይወዱ ነበር፤ ሠርግ ተጠርተው ሲመለሱ ስለ ሙሽሮቹ ቢጠየቁ፣ «ቀይ ወጡ ሽንኩርቱ አልበሰለም» ብለው ይመልሳሉ። ኩራታቸውም ከቁመታቸው አያንስም። በግራ ትከሻቸው ላይ ሁልጊዜ ነጭ ፎጣ ጣል ያደርጋሉ፤ ፎጣው በሌለበት እሑድ እንኳ ያ ትከሻ ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል።

እኔ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ከውጭ የሚመጡ ደብዳቤዎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ጉለሌ፣ ወደ ቁስቋም ከሚያወጣው ዳገት በታች፣ በጋሽ ደምሴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። እሳቸው ጣልያን ሲወጣ እኔ አልወጣም ብሎ ለቀረ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ለነበረው አንድ ጣልያናዊ ወጥ ቤት ነበሩ። «ሲኞሩ» ይሉታል። ሚስታቸው እኔ ወደ ግቢው ከመግባቴ በፊት ሞተውባቸዋል። ልጅ አልነበራቸውም።

የተዋወቅነው በምስር ነው። አንድ ረቡዕ ከቢሮ ተመልሼ በክፍሌ ውስጥ ራቴን ሳሳርር በበሩ ብቅ አሉ።

«ተማሪው፣ ምን እየገደልክ ነው?»

«ምስር ነው ጋሼ።»

«ነፍሱን ይማር። ና ወዲህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ራቴን የምበላው እሳቸው ዘንድ ሆነ። ራቱ ዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አንባቢ ያውቀዋል፤ እኔ እዚህ አልፈታውም። ጋሽ ደምሴ ይበላል ከሚሉት ወገን ነበሩ፤ ግን ቅርፊትና ክንፍ ያለው ብቻ። ቅርፊት የሌለውን አምባዛ ብታቀርቡላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ቆሮሶ የሚባለውን ባለ ቅርፊት ዓሣ ከፒያሳ ገዝተው፣ በእርጥብ ሣር ጠቅልለው፣ አመሻሽ ላይ በእግራቸው ዳገቱን ይዘውት ይወጣሉ።

አሠራሩን ዛሬም ዐይኔን ጨፍኜ እናገረዋለሁ፤ መናገርም አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ዓሣውን ከአጥንቱ ይለዩታል። በፎጣ አድርገው ያደርቁታል፤ «እርጥቡን ዘይት ውስጥ ከጨመርከው ተቀቀለ እንጂ ተጠበሰ አይባልም» ይላሉ። ጨው ነስንሰው፣ የፉርኖ ዱቄት ነክተው፣ ትርፉን አራግፈው፣ የጋለ መጥበሻ ላይ ያስተኙታል። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። እኔ ሁልጊዜ ሹካ ይዤ እጠጋለሁ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ፣ «አትነካካው! ሲደርስ ራሱ ይለቃል» ብለው እጄን ይመቱኛል። እውነትም ይለቅቅ ነበር። ወርቅ መስሎ ይገለበጣል።

መረቁ ደግሞ የእጃቸው ጥበብ ነው። ሎሚውን ከመቁረጣቸው በፊት በመዳፋቸው ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉታል፤ «ተኝቶ ነው፤ ካልቀሰቀስከው ውኃ አይሰጥህም።» ዓሣው በወጣበት መጥበሻ ጥቂት ዘይት ያስቀሩና ነጭ ሽንኩርት ይጥላሉ፤ ሳይቀላ ሎሚውን ይጨምቁበታል፤ ከዚያም ካፔሪ። ካፔሪ ጣልያኖች በጨውና በአቼቶ ዘፍዝፈው በትንሽ ጠርሙስ የሚያስመጡት፣ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው፤ አረንጓዴ፣ ከሽምብራ የማይበልጥ፣ ጥርስ ላይ ሲፈርጥ ጨውም ኮምጣጣም የሚሆን። የሲኞሩ ጓዳ በዚህ የተሞላ ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ከዚያ ጓዳ አንዲት ፍሬ ይዘው አልወጡም። በአጥራቸው ላይ የሚሳብ ብርቱካንማ አበባ ነበራቸው፤ የሱን ለጋ ዘር ለቅመው፣ በጨው አሽተው፣ አቼቶ ውስጥ ሁለት ወር ያስቀምጡታል። «የሲኞሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የእኔ ከአጥሩ። እስቲ ለየው!» ይሉኛል። መለየት አልቻልሁም።

በመጨረሻ ድንች የተቀቀለበትን ውኃ ጭልፋ ሙሉ ጨምረው፣ መጥበሻውን በእጀታው ይዘው መናጥ ይጀምራሉ። እየናጡ ዘይት ጠብ ጠብ ያደርጉበታል። ቀስ በቀስ መረቁ ይነጣል፣ ይወፍራል፣ ምላስ ላይ እንደ ቅቤ ይተኛል። የመጀመሪያውን ቀን፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው! ቅቤ ነው እንዴ?» ብዬ ደንግጬ ነበር። ከዚያ በላይ ያስደሰትኋቸው ቀን የለም።

«የነሱ በቅቤ ነው» አሉኝ ክንዳቸውን እያሹ። «የእኔ በክንድ ነው።»

እኔ በዚያ ማድ ቤት ውስጥ ሥራ ነበረኝ። ነጭ ሽንኩርት ላጭ ነበርሁ። ሚስማር ላይ ለእኔ የተሰቀለ ሽርጥ ነበር፤ የሟች ባለቤታቸው ሽርጥ። ታጥቄው እገባለሁ፤ ግን በሩን አስዘግቼ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ወንድ ልጅ፣ የሴት ሽርጥ ታጥቆ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ሲልጥ ቢታይ ሰፈሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። በዚያው ሰሞን የእጅ ሥራን መናቅ ሕዝብን እንዴት እንደሚያደኸይ የሚያስረዳ ረጅም ጽሑፍ በጋዜጣ አውጥቼ ነበር። በሩ ግን ይዘጋ።

«ማን እንዳያይህ ነው?» ይሉኛል በጢሱ እያሳሉ። «እኔን ሲኞሩ ያየኛል፣ ሚስቴ ታየኝ ነበር፣ እግዜር ያየኛል። አንተ የማን ልጅ ሆነህ ነው?»

አሁን ወደ ማኅበሩ እመጣለሁ። ጋሽ ደምሴ በወሩ ስድስተኛ ቀን የሚሰበሰብ የቁስቋም ማኅበር ነበራቸው። እዚያ ለመግባት ስምንት ዓመት ደጅ ጠንተዋል። የፈረንጅ ወጥ ቤት የሚነካው አይታወቅምና፤ ዐሣማም ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል። ከገቡም በኋላ ተራቸው ሲደርስ የሚሠሩት ሚስታቸው ነበሩ፤ አንዳንዱ ማኅበርተኛ ታዲያ ከመጉረሱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደምሴ እጁን አላስገባበትም?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሲኞሩ ቤት ውስጥ ሚኒስትሮችን የሚያበላ እጅ፣ በገዛ ቤቱ ለጎረቤቶቹ አልተፈቀደም። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ ግን ሁለት ጊዜ ነግረውኛል።

ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ የመጀመሪያው ተራ ሲደርስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጣልቃ ገቡ። ጠላ ጠማቂ ናቸው፤ የማኅበሩም አባል። «ሰውዬው የሚያበስልበት እጅ ካስጠላችሁ የሚያማትብበትም ያው እጅ ነው፤ እንግዲያው ከማኅበሩ አስወጡት!» ብለው ሽማግሌዎቹን አፋጠጡ። ተፈቀደ። ቀኑ በነቢያት ጾም፣ ረቡዕ ዋለ። ጋሽ ደምሴ ዓሣ እሠራለሁ አሉ።

ሦስት ቀን ከራሳቸው ጋር ሲነጋገሩ ሰነበቱ። መጥበሻ ከሁለት ቤት ተዋሱ። በዕለቱ እኔም ከቢሮ አስፈቅጄ፣ በሩን ዘግቼ፣ ያን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ብቻዬን ላጥሁ። ስጨርስ ሽርጤን ፈትቼ፣ እጄን በሎሚ አሽቼ ታጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ በፊት በር ገባሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። አባ ኪሮስ፣ የማኅበሩ የነፍስ አባት፣ ከመደቡ ራስጌ ተቀመጡ። ከእኔ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሹም፣ እሳቸውም ማኅበርተኛ ኖረው፣ ተቀመጡ። ዓሣው ገባ። ሁሉም የአባን እጅ ያያል። አባ ባርከው ጎረሱ። ደገሙ።

«አይ እንግዲህ!» አሉ። «ጌታችንስ በባሕር ዳር ለሐዋርያቱ ዓሣ ጠብሶ አላበላም? ወይስ ጥጃ ነበር የጠበሰው?»

«እርስዎ ያኔ ቢኖሩ ለሐዋርያቱ አይተርፋቸውም ነበር አባ» አሉ እትዬ አስካለ። ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ሁሉም ጎረሰ። ጋሽ ደምሴ በጓዳው በር ላይ፣ ፎጣቸውን በትከሻቸው አድርገው ቆመው ነበር። እንደዚያ ሆነው ሌላ ጊዜ አላየኋቸውም። እጃቸውን ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር።

«ደምሴ፣ ይኼ መረቅ ግን ምንድን ነው?»

«ሎሚ ነው አባ።»

«ሎሚማ አውቃለሁ። ሎሚ ይቆጣል፤ ይኼን ማን አባበለው?»

እዚህ ላይ ነው አፌን የከፈትሁት። ጋሽ ደምሴን ልጎዳ አልነበረም፤ ይህን ለራሴ ሃያ ዓመት ስነግረው ኖሬአለሁ፤ እውነትም ነው፤ ግን ምንም አይረባም። የፈለግሁት ያን የሚጣፍጠውን ሁሉ የሚፈቅድ ቄስ እጅ በአየር ላይ ስትቆም ማየት ነበር። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት የፈረንጅ ምግብ መጽሐፍ ነበረኝ። ማንበቤም ይታወቅልኝ ብዬ፣

«ቅቤ ነዋ ያባበለው አባ!» አልሁ። «ይህን ፈረንጆች ያለ ቅቤ አይሠሩትም፤ መጽሐፋቸው ላይ ተጽፏል።»

እጃቸው ቆመች። የሁሉም እጅ ቆመ። እኔ ሣቅ ጠበቅሁ።

«ደምሴ፣ ቅቤ አለበት?»

«የለበትም አባ። በማርያም።»

«ምላስ ላይ ይተኛል እኮ» አለ አንዱ ከጥግ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ሌላው፣ ሁለት ጊዜ ያስጨመረው። እትዬ አስካለ ጉንጫቸውን እንደሞሉ ወደ እኔ ዞረው ዐይናቸውን አፈጠጡ።

አባ ኪሮስ፣ «አንተ ልጅ፣ እዚሁ ግቢ ነህ፤ ከሱ ጋርም ትበላለህ ይባላል። ሲሠራው አይተሃል?» አሉኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «አይቻለሁ።» ግን አይቻለሁ ካልሁ፣ የት ሆነህ የሚል ይከተላል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ጎንበስ ብለው በፈገግታ ያዩኛል፤ ይህ ሰው የሰማውን ነገ እስከ አራት ሰዓት በሁሉም ክፍል ያዳርሳል። የሟች ሚስት ሽርጥ፣ ሽንኩርት፣ የተዘጋ በር።

«እኔ ማድ ቤት ገብቼ አላውቅም» አልሁ።

ጋሽ ደምሴ አዩኝ። በቁጣ አልነበረም። መጥበሻ ላይ ያለ ዓሣ ደርሶ እንደሆነ በሚያዩበት አስተያየት ነው፤ ሳይነኩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓዳው መለሱ።

እትዬ አስካለ ጉንጫቸው ውስጥ የነበረውን በእጃቸው ተፍተው ወጡ። ሌሎቹም አፋቸውን እየተጉመጠመጡ ተከተሉ። አባ ኪሮስ በር ላይ ቆመው፣ «ነገ ማለዳ ሁለታችሁም ቤተ ክርስቲያን ትመጣላችሁ። በመስቀሉ ላይ እጁን ጭኖ የሚምል ይምላል፤ እዚያ ይለያል» አሉ።

በማግስቱ ጫማዬን ሳስር ጋሽ ደምሴ ከውጭ ሲገቡ አገኘኋቸው፤ ነጠላቸው በጤዛ ርሷል። «ሥራህ ሂድ» አሉኝ። «ነገሩ አልቋል።»

እንዴት አለቀ ብዬ አልጠየቅሁም። ጫማዬን አስሬ ሄድሁ፤ መንገዱን ሁሉ ቀልሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል።

በቀጣዩ ረቡዕ፣ አይጠሩኝም ብዬ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ባልሁበት ድምፃቸው መጣ፤ «ተማሪው፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል!» ሄድሁ። ሚስማሩ ላይ ሽርጥ የለም። የማድ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ነጭ ሽንኩርቱን ልላጥ?» አልሁ።

«ልጬዋለሁ። እጅህ ይሸትብሃል፤ የቢሮ ሰው ነህ።»

ከዚያ በኋላ ነጭ ሽንኩርት አላስነኩኝም። ወቀሳቸው ይኸው ብቻ ነበር። ዓሣው ያው ነው፣ ሎሚው ያው ነው፣ እኔም በላሁ። ምግብ እንዲህ ይዋረዳል፤ ማንም ይበላዋል። በዚያ ወር ማታ ማታ ጉልበታቸውን በዘይት ሲያሹ አያለሁ፤ ምን ሆኑ ስላቸው፣ «የእንጦጦ ብርድ ነው» ይሉኛል። ማኅበሩ ደግሞ ከቤታቸው ፊት ለፊት አልፎ ሌላ ቤት ይገባ ጀመር። ጥቂት ወራት ቆይቼ፣ ለቢሮዬ ይቀርበኛል ብዬ ሌላ ሰፈር ቤት ያዝሁ። አይቀርብም ነበር።

ቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር። እትዬ አስካለ አርጅተው፣ ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ሳምኋቸው። ዐይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

«ተማሪው ነህ?»

«ነኝ እትዬ።»

«ደግ አደረግህ መምጣትህ። ይወድህ ነበር። ላንተ ሲል አይደል ያን ቀን ያመነው?»

«ምኑን?»

«ቅቤውን ነዋ! አልነገረህም? በማግስቱ ሳይነጋ አባን ከደጀ ሰላም ጠበቃቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ‹ቅቤ አለበት አባ፤ ከሲኞሩ ቤት ደብቄ ያመጣሁት ነው። ልጁን አታስምሉብኝ፤ ልጅ ነው፣ መሐላ አይችልም› አላቸው። አርባ ቀን ስግደት ሰጡት፤ ከማኅበሩም ወጣ። እኔ ስንት ተከራክሬለት! ተናድጄ ሁለት ዓመት አላናገርኩትም።»

የሬሳ ሣጥኑ ገና አልወረደም ነበር። ከሰው ጓዳ አንዲት ካፔሪ ያልወሰዱ ሰው፣ ያላደረጉትን ቅቤ ሰርቄአለሁ ብለው ተናዘዙ። ያሰቡት እኔ ማለዳ ተነሥቼ በሐሰት እንደምምል ነው። ልክ አስበዋል። ዓሣ ያውቁ ነበር፤ እኔንም ያውቁኝ ነበር።

«እትዬ» አልሁ፣ «ቅቤ አልነበረበትም።»

«ምን?»

«አልነበረበትም። ድንች የተቀቀለበት ውኃና ዘይት ነው። በክንዳቸው ንጠው ነው ያወፈሩት። እኔ አብሬአቸው ነበርሁ።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢረግሙኝም ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እኮ ተፋሁት» አሉ በመጨረሻ። «ከሱ እጅ አንዴ ብጎርስ፣ ያንኑ ተፋሁት።» ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ለሰው ንገር።»

ለልብስ ሰፊው ነግሬዋለሁ። ሱሪዬን ልወስድ ስገባ ነገርሁት፤ «እንዲህ ነው?» ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። አንድ በአንድ የሚዳረስ አይደለም። አባ ኪሮስ የሉም፤ የመዝገብ ቤቱ ሹምም የሉም፤ ከማኅበሩ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ ላይ፣ ብዙ ብልጠት በጻፍሁበት በዚሁ ዓምድ፣ ያን ረቡዕ ለተጠየቅሁት ጥያቄ መልስ እሰጣለሁ። ጉለሌ ያለ አንባቢ ለጎረቤቱ ያንብብልኝ።

አዎ አባ፣ ሲሠሩት አይቻለሁ። ቅቤ አልነበረበትም። ማድ ቤት ውስጥ ነበርሁ፤ የባለቤታቸውን ሽርጥ ታጥቄ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱን የላጥሁት እኔ ነኝ።